ወደ ወንበሩ የዘመሙ ቡቃያዎች

ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። ያን ዕለት ግን የኔን ሳህኖች ያየ ጻድቅም ቢሆን ይናደድ ነበር።

ሥራዬ ብርሃን የማያይ ቡቃያ መፈለግ ነው። ቡቃያ መስኮት አጠገብ ካስቀመጡት አንገቱን ወደ ብርሃኑ ያዘማል። እኔ የምፈልገው ብርሃን ሲመጣበት «ምን አገባኝ» ብሎ ቀጥ የሚለውን ነው። እሱ ከተገኘ ሌሎቹ በምን እንደሚያዩ ይታወቃል። ባሕርያቸው እንዲለወጥ ዘራቸው በኬሚካል የተነካካ ቡቃያዎችን ሁለት ዓመት ሙሉ በትልቅ መብራት ስፈትን ከረምኩ። ሁሉም ዘመሙ፤ ለወሬ ነጋሪ እንኳ አንድ ቀጥ ያለ አልተገኘም።

እናቴማ ተስፋ ቆርጣለች። «ሰው ልጅ ያሳድጋል፣ አንቺ ሣር ታሳድጊያለሽ፤ እሱም አላደገልሽ» ትለኛለች። በዚያ ላይ ውሌ ሊያልቅ ነው። የክፍላችን ኃላፊ፣ ፊት ለፊት «እርስዎ»፣ ከኋላው «ብረቱ» የምንለው፣ ቁርጡን ነግሮኛል። «ውጤት ካለ ትቀጥያለሽ። ከሌለ ጠረጴዛሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አለኝ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ አንዲት ጡንቻ አልተንቀሳቀሰችም።

ቡቃያዎቹ ከመፈተናቸው በፊት ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው የሚያድጉት። እዚያ ብርሃን ስለሌለ ቀጥ ማለት አለባቸው። ያን ዕለት እነሱ እምብዛም የማያዩትን ደብዛዛ አረንጓዴ መብራት ይዤ ስገባ ግን፣ ሁሉም ጥግ ወዳለው አሮጌ ወንበር ዘመዋል!

«ማነው እዚህ የገባው?» ብዬ ኮሪደሩን አናጋሁት። ቀልደኛው የላብራቶሪ ረዳት ብቻ ብቅ ብሎ «ወንበር መውደድ ከአለቆቻችን ተጋብቶባቸው ይሆናላ» አለኝ። ጓንቴን ወረወርኩበት።

ወንበሩን ወደ ሌላው ጥግ ወሰድኩና አዲስ ሳህኖች ደረደርኩ። ከቀናት በኋላ እነዚያም ወንበሩ ወደሄደበት ዘመሙ። በቃ፣ ሰው አለ። ምሳዬን ትቼ በሩ አጠገብ አደባሁ። ብዙም ሳልቆይ ከውስጥ ንፍጥ የመሳብ ድምፅ ሰማሁ፤ ሰው ያለቅሳል። በቀስታ ገባሁ።

ብረቱ! ነጭ ጋወኑን እንደ ድንኳን ተከናንቦ፣ ከሥሩ ስልክ ደቅኖ ተከታታይ ድራማ ያያል። ጉንጩ በእንባ ርሷል።

«በሩን ዝጊ!» አለኝ።

«ዶክተር! ሥራዬን ገደል የከተቱት እርስዎ ነዎት?» ደሜ ፈላ። «ጨለማ ክፍል ውስጥ ስልክ?»

«ሸፍኜው ነበር እኮ» አለ ጋወኑን እያሳየኝ። እኔ እንዲያ ብል ኖሮ በመስኮት ይወረውረኝ ነበር። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ከባለቤቴ ጋር ነበር የምናየው። መጨረሻውን ሳታይ አረፈች። ቤት ውስጥ ብቻዬን ማየት አልቻልኩም።»

አዘንኩለት፤ ንዴቴ ግን አልወጣልኝም። ቢያንስ ጥፋቱን በዓይኑ ይይ ብዬ አንዱን ሳህን አነሳሁና አረንጓዴውን መብራት አበራሁበት።

ከተጎነበሱት መሀል አንዲት ቡቃያ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ብረቱ እንባውን ጠርጎ መነጽሩን አደረገ። «በትልቁ መብራት ለምን አላገኘሻትም?»

«ያ ኃይለኛ ነው፣ ደካማ ዓይን ላላትም ይታያታል» አልኩ። «በጋወን ውስጥ ያለፈው የስልክ ብርሃን ግን ለሷ አልታያትም!»

ተቃቀፍን። ወዲያው ደንግጠን ተለያየን።

ውጤቱን ለባልደረቦቼ ሳቀርብ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «የብርሃኑ ምንጭ ምን ነበር?» አለ ረዳቱ። ካልተናገርኩ ማንም ሙከራውን ሊደግመው አይችልም፤ ያልተደገመ ደግሞ ውጤት አይባልም። ከተናገርኩ የሰውዬውን ገመና አደባባይ ላወጣ ነው። «እ... አነስተኛ... የእጅ...» እያልኩ ስንተባተብ ብረቱ ከፊት ወንበር ተነሳ።

«የኔ ስልክ ነው» አለ። «በምሳ ሰዓት ጋወን ተከናንቤ ድራማ አያለሁ። አለቅሳለሁም። ሌላ ጥያቄ?»

ማን ይጠይቃል! ረዳቱ እንኳ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። «ውልሽ ይታደሳል» አለኝ። «የቡቃያዋን ዘር ወስደን በዚያው ብርሃን እንደግመዋለን።» ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። «ችግሩ፣ ከድራማው የቀረኝ የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። ካየሁት አለቀ። እሱን ፈርቼ ነው የቆየሁት።»

«አይዩታ» አልኩት። «ከመጀመሪያው ይጀምሩት። ሙከራው ብዙ ጊዜ ይደገማል።»

ያ የብረት ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው። «ክፍል አንድ ላይ እሷ እንዴት እንደሳቀች ልንገርሽ?» አለኝ፤ እያወራልኝም እስከ ጨለማው ክፍል በር ድረስ አብረን ሄድን።