ስብሰባውን ከመታጠቢያው ሥር የተካፈለው ሰው

ቧንቧ ሠራተኛው፣ መጠጥ ቤት ከሆነ፣ ዓይኑን ታስሮም ያገኛል፤ ምልክት የሌለውን፣ በጓሮ የሚገባበትን፣ ትናንት የተከፈተውን ሁሉ። ሴት ልጁ በወረቀት ጽፋ የሰጠችውን አድራሻ ለማግኘት ግን ሦስት ረቡዕ ፈጀበት። በመጀመሪያው ሕንጻው ጠፋበት። በሁለተኛው ፎቁን ሳተ። በሦስተኛው በሩ ድረስ መጥቶ የጫማው ክር ተፈታበትና ሲያስር ሲፈታ፣ ሲያስር ሲፈታ ሰዓቱ አለፈ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው።

ወረቀቱ “ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚረዳዱ ሰዎች ስብሰባ፣ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሦስተኛ ፎቅ” ይላል። ከሥሩ ልጁ አስምራ የጨመረችው አለ፤ “ሄደህ ካልተናገርክ፣ አባዬ፣ የልጄን እጅ አትይዝም።” አልበደለችውም። ባለፈው ወር የአራት ዓመት የልጅ ልጁን መናፈሻ ላዝናናት ብሎ ወሰዳት። መንገድ ላይ “አንድ ብቻ” ብሎ ጎራ አለ። ከዚያ ልጅቷን መጠጥ ቤቱ ወንበር ላይ ረስቶ፣ ብቻውን ቤቱ ገብቶ ተኛ። ሰፈሩን የምታውቅ አስተናጋጅ ናት እጇን ይዛ እናቷ ዘንድ ያደረሰቻት።

በአራተኛው ረቡዕ የሥራ ቦርሳውን አንግቶ ሄደ። የሚያውቀው ሰው ቢያየው ለሥራ መጣ እንዲለው ነው። ሰክሮ መንገድ ዳር ሲንጋለል ያላየው የሰፈር ሰው የለም፤ እሱ ግን ሊድን ሲሄድ እንዳይታይ ተጨነቀ!

ደረጃው ጫፍ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ቦርሳውን አይታ እጇን አጨበጨበች። “ኧረ ተመስገን! ስንቴ ለምነን መጡልን! ይግቡ ጋሼ፣ መታጠቢያው በዚህ ነው።”

“ልሰበሰብ ነው የመጣሁት” ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን “ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያንጠባጥበው?” የሚል ነበር።

የእጅ መታጠቢያው ያለበትን ጓዳ ከስብሰባው ክፍል የሚለየው ስስ ጣውላ ነው። መታጠቢያው ሥር በጀርባው ተኝቶ ጆሮውን ቀሰረ። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጠርሙሱን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ይደብቅ እንደነበር ተናገረ። ቧንቧ ሠራተኛው ሳቁን ዋጠ። “ጀማሪ ነህ” አለ ለቧንቧው በሹክሹክታ፣ “ሽንት ቤቱ ውኃ መያዣ ውስጥ ነው እንጂ! ይቀዘቅዝልህም ነበር።”

ማታ ለልጁ ደወለ። “ሄጃለሁ።”

“ተናገርክ?”

“አዳመጥኩ።”

“አባዬ!” ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

በሚቀጥለው ረቡዕ ሽንት ቤቱን፣ በሚቀጥለው የደረጃውን ቧንቧ ጠገነ። ሁሌም የስብሰባው ድምፅ ከሚሰማበት አይርቅም። ከዚያ ጉድ ፈላ፤ ሕንጻው ውስጥ የተበላሸ ነገር አለቀ። ሠላሳ ዓመት ሲሠራ፣ ሰክሮም ቢሆን የሰው ቧንቧ ሆን ብሎ ነክቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ከመውጣቱ በፊት መታጠቢያው ሥር ገባና የቧንቧውን ማሰሪያ ዳዶ ሁለት ዙር አላላው። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ለጽዳት ሠራተኛዋ “ረቡዕ መጥቼ ባየው አይከፋም” አላት።

ረቡዕ መጣ። እንደ ልማዱ ተጋድሞ መፍቻውን ዳዶው ላይ አሳረፈ። ከጣውላው ማዶ አንዲት ሴት፣ ልጇ አውቶቡስ ውስጥ ሲያያት ወንበር እንደሚቀይር እያለቀሰች ትናገራለች። እጁ ይዞራል፤ ልቡ እዚያ ማዶ ነው። ሊያጠብቀው የመጣውን ወደ መፍታት አዞረው። ዳዶው ወለቀ፤ ውኃው ፊቱን መታውና በጣውላው ሥር አልፎ ወደ ስብሰባው ገባ። ዋናውን መዝጊያ እስኪዘጋው ድረስ ሰዉ ሁሉ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሏል።

እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመ።

“ባለፈው ጠግነውት አልነበረም እንዴ?” አሉት መምህርቷ።

“ጎማው አርጅቶ ነው” ማለት ይችል ነበር። ለሰው ሁሉ የሚላት ቃል ናት። ግን ደከመው። ውሸት ከቧንቧ ሥራ በላይ ወገብ ይቆርጣል።

“እኔ ነኝ ያላላሁት” አለ።

“ለምን?”

“መምጫ ሰበብ እንዳላጣ። እኔም... እንደናንተው ነኝ።”

ሾፌሩ ሳቁን መቋቋም አቃተው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። መምህርቷ ግን “እዚያ ጋ ደረቅ ወንበር አለ፣ ይቀመጡ” አሉት። ተቀመጠ። ስለ ልጅቷ፣ ስለ መጠጥ ቤቱ ወንበር፣ ብቻውን ቤቱ ገብቶ ስለመተኛቱ ነገራቸው። ሳቁ ቆመ።

“አለቀሰች?” አለ ሾፌሩ።

“አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።” እርጥብ እጁን እርጥብ ሱሪው ላይ ጠረገ። “እናቷ ‘አያትሽስ?’ ስትላት ‘ሥራ ላይ ነው’ አለቻት። እንዲህ በይ ብዬ ያስለመድኳት እኔ ነኝ። እኔ ረሳኋት፤ እሷ ግን አልረሳችም። የአራት ዓመት ልጅ ሸሸገችኝ።”

ሁሉም አንገቱን ደፋ። እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ ልጅ ሸሽጎት የማያውቅ አልነበረም።