ደፍ ያለው ጫካ

እኔ ሠርግ አንሺ ነኝ። ሙሽራ አቁሜ፣ የተኳረፈ ዘመድ አስጠግቼ ፎቶ ማንሳት ነው እንጀራዬ። ጫካ ማንሳት ግን ለካ ሌላ ጣጣ ነው!

እናቴ የተወለደችው ጫካ ውስጥ ነው፤ ያኔ ግን ጫካ አልነበረም። ወንዙ ዳር ትልቅ የውሃ ወፍጮ ነበር፣ ዙሪያውን ደግሞ የሠራተኞቹ መንደር። ወፍጮው ሲዘጋ ሰው ተበተነ፣ ዛፍ ገባበት። የቀረው ፍርስራሹና በመሃሉ የሚያልፍ የእግር መንገድ ነው። እሱንም የደን ቢሮው ኃላፊ ድንጋዩን ጠርጎ፣ መንገዱን ዘግቶ ችግኝ ሊተክልበት ተነሣ። መንደር ነበር ብንለው፣ "ድንጋይ ሁሉ መንደር ነው እንዴ? እስቲ አሳዩኝ" አለ። ደሜ ፈላ።

ደጋግሜ ሄጄ አነሣሁ። ምን ዋጋ አለው! ድንጋዩን ሐረግ ውጦታል፤ ፎቶው ላይ ያለው ቅጠል ብቻ ነው። እናቴ አየችና ሳቀችብኝ።

"ሰው አቁሚበት እንጂ! ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ታነሺያለሽ?"

እውነቷን ነው። በሕይወት ያሉትን የመንደሩን ልጆች፣ ባለ ምርኩዙንም ባለ መነጽሩንም ሰበሰብኳቸው። ኃላፊውንም ለምኜ አመጣሁት።

"ሁላችሁም በየደጃችሁ ቁሙ!" አልኩ፣ እንደ ሠርጉ።

ቅጠሉን በእግራቸው እየገፉ፣ ደፋቸውን እየፈለጉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሙ። ኃላፊው ፊቱን እንዳኮሳተረ፣ "ሰው ዛፍ ሥር ቢቆም ምን ያስረዳል?" አለ። ቅስሜ ስብር አለ።

ጉድ የፈላው ያኔ ነው። እናቴና የወፍጮ ወቃሪው ልጅ፣ የድሮ ጎረቤቷ፣ አንድ ደፍ ላይ ተገናኙ።

"ውረጂልኝ፣ ይሄ የእኛ ደጅ ነው!"

"የእናንተማ ከታች ነው! ዛሬም ድንበር ልትገፋ?"

"እናትሽ እጣቢ የምትደፋብን በዚህ ቦይ አልነበር?"

"ዶሯችሁ ማጀታችን ድረስ ሲገባስ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጣቴ ግን ለምዶበት ማንሳቱን አላቆመም። ሌሎቹም ገቡበት፤ አንዱ ለእናቴ ይመሰክራል፣ አንዷ ምድጃው የነበረበትን ታሳያለች።

"ቆይ፣ ቦዩ የቱ ጋ ነው?" አለ ኃላፊው።

ሁለቱም እየተጣሉ ሳሉ ወደ አንድ ቦታ ጠቆሙ። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ሐረጉን ገለጠ። በድንጋይ የተነጠፈ፣ ልቅም ያለ ቦይ! በእጁ ዳበሰው።

"በጫካ ድንበር ማን ይጣላል?" አለ በመጨረሻ። "መንገዱ አይዘጋም። አንድ ድንጋይም አይነሣም።"

እልልታው ወፉን ሁሉ ከዛፉ አስነሣው። እኔም ካሜራዬን አቅፌ እንደ ሕፃን ዘለልኩ፤ ደስ አለኝ፣ ምን ልበላችሁ! ኃላፊው እናቴን ሊጨብጥ ከጉልበቱ በማያልፍ የግንብ ቅሪት ላይ እግሩን ሲያነሣ ጮኸችበት።

"ምን ነካህ ልጄ! በግንብ ላይ ይገባል እንዴ?"

ደንግጦ ተመለሰ። ዞሮ መጣና ደፉ ጋ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ቤቶች!" አለ።

እናቴና ጎረቤቷ በአንድ አፍ፣ "ግባ!" አሉት።