በርጩማዬ ላይ የነበረው ፊደል

ልጄ ዘሚራ ከስልኳ ጃፓንኛ ትማር ነበር። ጃፓኖች ከቻይናዎች የወሰዱትን ፊደል በቁራጭ ካርቶን ላይ እየጻፈች ሞጣ ያለውን ሱቄን ሞላችው። ለጨው ጆንያ አንድ ለጠፈች፣ ለሩዙ ሌላ፣ ለበሩም እንዲሁ።

«አባ፣ አንዱ ፊደል ብቻውን ሙሉ ቃል ነው» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን እኔ የምቀመጥበት በርጩማ ላይም አንድ ለጥፋ አገኘኋት። ደንበኞች ፊት ስለሆነብኝ ተናደድኩ።

«እኔም እንደ ዕቃው ልሸጥ ነው?» ብዬ ገንጥዬ ቀደድኩት።

ሐምሌ ላይ ታመመች፤ ሳምንት ሳይሞላት ቀበርናት።

ካርቶኖቿን ማንም አይነካብኝም። የጨውን ከጆንያው አውቄ ማንበብ እችላለሁ፤ የሩዙንም። በርጩማዬ ላይ የቀረው ግን የሙጫው ምልክት ብቻ ነው። ምን ብላ እንደጻፈችልኝ አልጠየቅኋትም።