የቨርሊን ደጋን አዲስ አውታር

ነገር በሆዴ አያድርም። ባሌ ቨርሊን ግን የዋጠውን ነገር ዓመትም ያከርመዋል። ሁለታችንም በደጋን አጋዘን እናድናለን፤ እሱ ከወንዙ ማዶ ካለው ዛፍ ላይ፣ እኔ ከወዲህ ካለው ማማዬ ላይ። አደን ትዕግሥት ነው ይላሉ። እኔ ግን ያለፉትን ሁለት መጸው ማማዬ ላይ ቁጭ ብዬ የማዳምጠው የአጋዘን ኮቴ ሳይሆን የቨርሊን አውታር ሲበጠስ እሰማ ይሆን እያልኩ ነበር።

አውታሩ ተበልቶ ፀጉር አውጥቷል። ፀጉር ማውጣቱ ብቻውን አያስፈራም፤ ሰም ስትቀባው ከተኛልህ ገና ይሠራል። የቨርሊን ግን ሰም ቢጠግብም አይተኛም። በደጋኑ ጫፍና ጫፍ ባሉት መዘውሮች ላይ የሚዞሩት ገመዶችም ያው ናቸው፤ አንደኛው ላይ የተበጠሰ ክር ብቅ ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለ አውታር እስከ ጉንጭ ተስቦ ሳለ ከተበጠሰ መጀመሪያ የሚያገኘው የሳቢውን ዓይን ነው።

«ቀይረው» እለዋለሁ።

«ምን ሆነና?»

«ሰው በሁለት በሦስት ዓመት ይቀይራል። አንተ ይኸው ስንት ዘመንህ!»

«አጋዘን ይጥላል አይደል? የሚሠራ ነገር አይነካም። አንቺስ አርጅተሽ የለ፣ ቀየርኩሽ?»

«እስቲ ሞክራት!»

ዘንድሮ አደኑ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው፣ አርብ ዕለት፣ ቨርሊንን ጥርስ ሐኪም ዘንድ አደረስኩትና ደጋኑን ይዤ ወደ ዴሪል ሱቅ በረርኩ። ዴሪል የደጋን ዕቃ ይሸጣል፣ ይጠግናልም። ደጋኑን መለኪያው ላይ አንጠልጥሎ ሳበው።

«የመሳቢያ ክብደቱ ሃምሳ ሁለት ፓውንድ ነው» አለኝ።

«ምን? ስልሳ ነው እንጂ!»

«ነበር፣ አርዲስ። ገመዶቹ ረግበዋል። ገመድ ሲረግብ ደጋኑም ጉልበቱ ይቀንሳል። በበጋ ፒካፑ ውስጥ ይተወዋል መሰለኝ።»

«እየነገርኩት!»

«አዲስ አውታርና ገመድ ስናስገባለት ወደ ስልሳው ይመለሳል።»

እሰይ አልኩ። ባሌን ከነዓይኑ፣ ደጋኑን ከነጉልበቱ ልመልስ ነው ብዬ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ዴሪል «ኧረ አንድ ቦታ ቁሚ፣ ራሴን አዞርሽው» አለኝ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ቨርሊን ደጋኑን ሲያይ አጉረመረመ። ግን አዲሱን አውታር በጣቱ ሁለቴ ዳሰሰው፤ ደስ ሲለው እንዲህ ነው። ጥርሱን ያደነዘዙበት መርፌ ገና ስላለቀቀው ሳይስበው አደረ።

በማግስቱ የመንደሩ አዳኞች እንደየዓመቱ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጀርባ ተሰበሰብን። ቋሊማው ይጠበሳል፣ ቢራው ይከፈታል፣ ለዒላማ የስፖንጅ አጋዘን ይቆማል። የመጀመሪያውን ቀስት የሚወረውረው በዕድሜ ታላቁ ነው። ሽማግሌው ኤልመር በክረምቱ ስላረፈ ዘንድሮ ተራው የቨርሊን ሆነ። ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል።

«ቨርሊን፣ ረጋ በል እንጂ፤ ስፖንጅ ነው፣ አይሮጥም!» አለው ጎረቤታችን ዱዌይን።

«አምና አንተ ስትስተው ሲስቅብህ አይቼዋለሁ» አለ ቨርሊን። ሁሉም ሳቀ።

ከዚያ ሳበ። አውታሩ ግማሽ መንገድ መጥቶ ቆመ። ደጋኑን ወደ ሰማይ አንስቶ እያወረደ ሊስበው ሞከረ፤ ይህን ሲያደርጉ ያየናቸውን ስንቱን አቅም አነሰው ብለን አምተናል። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ አንገቱ ቀላ። አልመጣለትም። ደግሞ ሞከረ። ዝም ያላለ ቋሊማው ብቻ ነበር።

«አዲስ አውታር እኮ ነው» አለ ዱዌይን ቀስ ብሎ። «እስኪላመድ ያስቸግራል።»

«አዎ አዎ፣ አዲስ አውታር አስቸጋሪ ነው» አሉ ሌሎቹም።

አዲስ አውታር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይረዝማል፣ አውታሩ ላይ የታሰረችውን የማነጣጠሪያ ቀዳዳ ያዞርብሃል፤ አልሳብም አይልም። ይህን የማያውቅ እዚያ አልነበረም። ቨርሊንም ያውቃል።

«የመጀመሪያውን አንተ ወርውር» አለው ዱዌይንን፤ ወደ ፒካፓችን ሄደ።

መንገድ ላይ መሪውን እኔ ይዤ እሱ በመስኮት ያያል።

«አሮጌውን አውታር የት አደረግሽው?»

«አለ።»

«ይመለስ።»

«አይመለስም። ዓይንህን ለአሮጌ ክር አልሰጥም።»

«ዓይኑ የኔ ነው።»

«አርባ አራት ዓመት ያየኝ ዓይን ነው፤ ግማሹ የኔ ነው!»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ለራሱ የሚናገር መስሎ፣ «ስልሳ ስስብ ኖሬ፣ ሰው በአንድ ሌሊት እንዲህ ይሆናል?» አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በአንድ ሌሊት ከውስጡ የሆነ ነገር የተሰበረ መስሎታል። እውነቱን ልንገረው ብዬ ተነሣሁና ተውኩት። ትናንት ስልሳ የሚስብ ሰው ነበርክ ከማለትና፣ ስልሳ መሳብ ያቆምከው ከዓመታት በፊት ነው ከማለት የቱ ይሻላል? ነገር በሆዴ ሲቀር ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ አቃጠለኝ።

ቤት ስንደርስ ጋራዥ ገባ። እኔ የታጠበ ሳህን አጠብኩ። ውሻውን አስወጣሁ፣ መልሼ አስገባሁ፣ ደግሜ አስወጣሁ። ውሻው ራሱ ታከተው። በመጨረሻ አልቻልኩም፣ ተከትዬው ገባሁ።

ደጋኑን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል።

«ሰኞ ሐኪም ቤት ትወስጅኛለሽ» አለ ቀና ሳይል። «ወይ ልቤ ነው፣ ወይ ጭንቅላቴ።»

«ልብህም ጭንቅላትህም ደኅና ነው። ደጋኑ ስልሳ አልነበረም፣ ቨርሊን። ገመዱ ረግቦ ሃምሳ ሁለት ገብቶ ነበር፤ ዴሪል ሲለካው አይቻለሁ። በአንድ ሌሊት የሆነ ነገር የለም። አንተ ስትደክም እሱም አብሮህ ሲደክም ኖሯል።»

አውታሩን በአውራ ጣቱ መታ አደረገው፤ አዲስ ስለሆነ ጥርት ብሎ ጮኸ።

«ያምናውን ባለትልቅ ቀንድ የጣልኩት በሃምሳ ሁለት ነው?»

«በሃምሳ ሁለት።»

«አጋዘኑ አውቆ ነበር?»

«ቢያውቅማ ይሮጥ ነበር።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

«መፍቻውን አቀብይኝ» አለ። የደጋኑን ክንዶች የሚይዙትን ቡሎኖች ማላላት ደጋኑን ያቀልለዋል፤ ይህን የሚያደርጉትን ሲያሾፍባቸው የኖረው እሱ ነው። መፍቻውን ቡሎኑ ውስጥ አስገባ፣ ገፋ፣ አቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋው።

«አንቺ አዙሪው። ትከሻዬን ያመኛል።»

ቨርሊን ያመኛል ሲል ሰምቼ አላውቅም። ልጃችን የዘጋው የመኪና በር ጣቱን ሲቀጠቅጠው እንኳ «ምንም አይደል» ነው ያለው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

ሁለት መጸው ሙሉ እኔ ከወዲህ ማማዬ ላይ የእሱን አውታር ሳዳምጥ፣ እሱ በዚያ ዛፍ ትከሻውን ሲያዳምጥ! ልቆጣው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። የላይኛውንም የታችኛውንም ቡሎን እኩል እኩል እያላላሁ እሱ ይስባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይመልሳል። አንድ ጊዜ ክርኑ ሳይንቀጠቀጥ ወደ ኋላ ሄደና አውታሩ ጉንጩ ላይ አረፈ።

«ይኼ ሃምሳ ሁለት ሳይሆን አይቀርም» አልኩት። «እዚህ ላይ ላቁም?»

አውታሩን ቀስ ብሎ መለሰው።

«ትንሽ ጨምረሽ አላዪው» አለኝ። «ለከርሞም መምጣት እፈልጋለሁ።»