ዥዋዥዌ የማያርፍበት ቤት

ዓይኗ ነው ወይስ ሙቀቱ ነው፣ ክብ የነበረ ቀለበት እንዴት እንቁላል ይመስላል፣ ቪሩንዳ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተንጋላ ጣሪያውን ታያለች፣ የሕንዷ ከተማ ራጅኮት በሙሉ ከምሳ በኋላ ሱቁን ዘግቶ ለጥ ብሏል፣ ከበላይዋ እንደ አልጋ የሰፋው የሳሎኑ ዥዋዥዌ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ የባሏ እናት ባ ጋደም ብለውበታል፣ ዥዋዥዌውን ከጣሪያው መንጠቆ የሚያያይዘው ነጭ የፕላስቲክ ቀለበት የራሷ ንድፍ ነው፣ ነሐሱ ሲጢጥ ሲጢጥ አለ ብላ የቀየረችው፣ አሁን ድምፅ የለውም፣ ድምፅ የለውም እንጂ ወደ ታች ተስቧል።

አይሆንም። ስምንት ሰው ተሸክሟል እኮ፣ በአንድ የዘመድ ሰርግ ቀን፣ ስምንት ወፋፍራም አጎቶች፣ ዝለሉበት አለቻቸው፣ ዘለሉ፣ ቤቱ ይፍረስ እንጂ ያንቺ ፕላስቲክ ንቅንቅ አይልም ብለው ሳቁ፣ እሷም አመነች፣ ሞኝ፣ ፕላስቲክን የሚጎዳው የአንድ ቀን ሸክም ነው እንዴ፣ የማይነሳው ነው፣ ሲያወርዱለት ይመለሳል፣ ካላወረዱለት በየቀኑ ፀጉር ታህል ይለጠጣል፣ ይህንንም አስልታዋለች፣ ቀን ይቀመጡበታል፣ ሌሊት ያርፋል፣ ዥዋዥዌ ላይ ደግሞ ማን ያድራል።

ማን ያድራል።

የአማቷ ትራስ፣ የሟቹ የባ ባል፣ እዚያ ላይ ምን ይሠራል፣ ከሞቱ ወዲህ የባ አልጋ ጠዋት ጠዋት ተነጥፎ ነው የምታገኘው፣ ማልደው ይነሳሉ ብላ ነበር፣ ባ፣ እዚህ ነው እንዴ የሚያድሩት፣ ትላለች፣ ታዲያ የት ልደር ልጄ፣ አልጋው ሰፋብኝ፣ እዚህ እኮ ጎኔ ተቀምጦ በእግሩ ይገፋኝ ነበር፣ ምነው፣ ከበድኩበት እንዴ፣ አጥንት ብቻ ቀርቼ።

ስልኩ ይጮኻል፣ ቀለበቱን በብዛት ሊያመርት ያለው የፋብሪካ ጌታ ማንሱክ ነው፣ እህቴ ቪሩንዳ፣ የቀለበቱን ማፍሰሻ ቅርጽ ላስቆርጥ ነው፣ አያስቆርጡ፣ እንዴ፣ ስምንት ሰው ችሎ፣ ይላል፣ አንዲት መበለት አልቻለም፣ ትላለች፣ ቀለበቱ ወፍራም ይሆናል፣ እንዳይለጠጥ የመስታወት ክር ይቀላቀልበታል፣ እንደ አዲስ እነድፈዋለሁ፣ ስንት ቤት፣ ስንት ባል የሞተባት ዥዋዥዌ ላይ ታድር ይሆናል፣ እሷ አንዷን እንኳ፣ እዚሁ ቤቷ ውስጥ፣ አላየችም፣ ታፍራለች።

ባ፣ ይውረዱ፣ ሊበጠስ ነው፣ ከኔ ጋር ይተኙ፣ ዛሬም፣ ነገም፣ ዥዋዥዌው ይቆማል፣ ባ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ይወርዳሉ፣ ወለሉ ላይ አጠገቧ ይጋደማሉ፣ እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላል፣ ከዚያ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ይላሉ፣ አንዳችሁም እኮ ይውረዱ ብላችሁኝ አታውቁም።