የዴላሊ ትል

አክፔኔ በአገሩ ካሉት የባሕር ትል አዋቂዎች አንደኛዋ ናት። ሁለተኛ የለም። ብቻውን የሮጠ ማን ይቀድመዋል እንደሚባለው፣ በዚህ ማዕረግ የሚቀናባት ቀርቶ ማዕረግ መሆኑን የሚያውቅላትም አልነበረም። የምትኖረው የቮልታ ወንዝ ከባሕር ሊገናኝ በሚቃረብበት በአኛኑይ፣ ባለ ሁለት ክፍል የምርምር ጣቢያ ውስጥ ነው። በአንደኛው ክፍል እሷ ትተኛለች፤ በሌላው ትሎቹ በየሳፋቸው ያድራሉ።

ውኃው ሲሸሽ ሽርጧን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ትገባለች። የምትፈልገው ትል ቤት ሠሪ ነው። ከዛጎል ስባሪ፣ ከዓሣ ቅርፊት፣ አንዳንዴም ከሰው አንገት ተበጥሶ ከወደቀ ጨሌ ቱቦ ይሠራና ጫፉን ብቻ ከጭቃው በላይ አውጥቶ ይቀመጣል። ሰው የቀረበው እንደሆነ ሽቅብ ሳይሆን ቁልቁል ነው የሚሸሸው። ከጎን በኩል ቀስ ብሎ ቆፍሮ ማውጣት ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የቸኮለ ግማሹን ብቻ ይዞ ይቀራል።

የሸርጣን ወጥመድ የሚያነሡት ሴቶች በዚያው ጭቃ ነው የሚመላለሱት። ከሁሉም ዳዳ ካፉዊ፣ እማማ ካፉዊ እንደማለት፣ የምትባለው ባልቴት፣ ምላሷ ከሸርጣኖቿ ይልቅ የሚቆነጥጠው፣ ሳትነካት አታልፍም ነበር።

«የትል ሐኪም፣ ዛሬስ ማን ታመመብሽ?»

«ሁሉም ደኅና ናቸው ዳዳ።»

«ከትሎቹ አንዱ ሽማግሌ የላከብሽ እንደሆነ ጥሪኝ። ጥሎሹን የምቀበለው እኔ ነኝ።»

ሴቶቹ ይሥቃሉ፤ አክፔኔም አብራ ትሥቃለች። ክፋት እንደሌለበት ታውቃለች። ሣቃቸው ከማንግሮቩ ዛፍ ኋላ ሄዶ ሲጠፋ ግን፣ ጭቃው ብቻውን ጧ ጧ ይላል። ጠዋት አንድ ድንቅ ነገር ታያለች፤ አንዲት ትል ከራሷ ቁመት የሚበልጥ የዛጎል ስባሪ ጎትታ ደጃፏ ላይ ስታጣብቅ ታያለች፤ እስከ ማታ ድረስ የምትነግረው ሰው አታገኝም። እናቷ በስልክ የምትጠይቃት በልተሻል ወይ ብቻ ነው። በልቻለሁ ትላለች።

ስለዚህ እሑድን ትጠብቃለች። እሑድ ትሮትሮ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍራ ኬታ ከተማ ትሄዳለች፤ እዚያ ያስተማሯት ፕሮፌሰር አሜጋሺ አሉ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዕድሜ ልክ በማይክሮስኮፕ ሲያፈጡበት የኖሩት ዓይናቸው ጭራሽ ጠፍቷል። አክፔኔ ቶግቢ ትላቸዋለች፣ ሰው አያቱን እንደሚጠራው። አዳዲስ የትል ጥናቶችን ታነብላቸዋለች፤ እሳቸው መሐል ላይ እያቋረጡ ከጸሐፊው ጋር ይጣላሉ፤ ይሄ ሰውዬ በሕይወቱ ትል በዓይኑ አይቶ ያውቃል ወይ ይላሉ። እሷም ትከራከራለች። አክፕሌ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ በባሚያ ወጥ እያጠቀሱ፣ ስለ ትል ጥርስና ስለ ትል ፀጉር አፍ ለአፍ ገጥመው ሲያወሩ የሰማ ጎረቤት እብዶች ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ለእሷ ግን የሳምንቱ ዕድሜዋ ያች ቀን ነበረች።

ሽማግሌው አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ አሰናብተዋት አያውቁም።

«ዴላሊን አገኘሻት?»

ዴላሊ ሚስታቸው ነበረች። ገና በወጣትነቷ፣ ሳትወልድ ሞተች። በዚያ አገር ለሙታን መጠጥ ሲፈስ ስም የሚጠራው የወለዱት ልጅ ነው፤ ያልወለደች ሴት ስሟ ከሰው አፍ ለመውረድ ጊዜ አይፈጅበትም። እሷ በሞተችበት ዓመት ባልየው ከዚሁ ከአኛኑይ ጭቃ ለየት ያሉ ጥቂት ትሎች አወጡ። የተለመደው ቤት ሠሪ ትል እንደ ላባ ያሉ ቀያይ መተንፈሻዎቹ ከጭንቅላቱ ሥር ይጀምራሉ፤ የእነዚህ ግን ራቅ ብለው ወደ ኋላ ነበሩ። አዲስ ዓይነት ነው ብለው ጻፉና ስሙን በሚስታቸው ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ያሉት ጥቂት የትል ሰዎች ዴላሊ እያሉ ይጽፋሉ። ልጅ ያልጠራውን ስም ትል ተሸክሞት ኖረ። ከእሳቸው በኋላ ያንን ትል ያገኘ ሰው ግን አልነበረም፤ አክፔኔም ስትፈልግ ነው የኖረችው።

ያገኘችው ሳትፈልግ ነው። አንድ ቀን ሾልካ ሳፋ ውስጥ የገባች ትንሽ ሸርጣን የአንዷን ተራ ትል ጭንቅላት እስከ አንገቷ ገመጠችው። አክፔኔ አሳዝናት አልጣለቻትም። ትልዋም አልሞተችም፤ ቀስ በቀስ አዲስ ጭንቅላት አበቀለች። ድና ስትጨርስ አክፔኔ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብታ አየቻት። ቀያዮቹ መተንፈሻዎች ወደ ኋላ ሸሽተዋል፤ ዴላሊን ዴላሊ ባሰኟት ቦታ ላይ ነው የሚጀምሩት።

አላመነችም። ሌሎች ትሎችን በምላጭ ቆርጣ ጠበቀች፤ ሁሉም እንደዚያው ሆኑ። በመጨረሻ ሽማግሌው ጣቢያው ውስጥ በአልኮል ያስቀመጧቸውን የድሮዎቹን ትሎች ከብልቃጣቸው አውጥታ ገላበጠቻቸው። በየአንገታቸው ዙሪያ እንደ ክር የቀጠነ ጠባሳ ነበረባቸው። ዴላሊ የምትባል ትል የለችም። የተገመጠና የዳነ ተራ ትል ነው። ያን ጊዜ ማጉሊያው ደካማ ነበር፤ ሐዘን የመታው ዓይን ደግሞ የፈለገውን ያያል።

የትል ሰዎች ደንብ ርኅራኄ አያውቅም። አንድ ፍጥረት ሁለት ስም ከተገኘበት የቀደመው ይጸናል፣ የኋለኛው ይወድቃል። ለተራው ትል ድሮ አንድ የባሕር ማዶ ሰው ያወጣለት ስም አለ። አክፔኔ ያየችውን ከጻፈች ዴላሊ ትወድቃለች። ባትጽፍስ? ማንም ዘወር ብሎ አያይም፤ የሚያይ ሰው ቢኖርማ እሷ ብቸኛ ባልሆነች ነበር። ግን ለዚህ ነበር ወይ ዕድሜዋን ጭቃ ውስጥ የጨረሰችው? መጻፉንስ ትጻፈው፤ ያስፈራት ለሳቸው መንገሩ ነው። ደጃቸውን ቢዘጉባትስ? በዚህ ምድር ላይ ቋንቋዋን የሚሰማ አንድ ሰው ነው ያላት፤ እሱንም በገዛ አፏ ልታጣው ነው።

እሑድ ልትነግራቸው ቆርጣ ሄደች። ምሳ በሉ፤ አነበበችላቸው። ሊሰናበቷት ሲሉ እንደ ልማዳቸው ዴላሊን አገኘሻት ወይ አሉ። አክፔኔ አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን ያሰበችው አልነበረም።

«አዎ፣ አገኘኋት።»

ፊታቸው እንደ ልጅ ሆነ። በሕይወት አለች ወይ፣ ትልቅ ናት ወይ፣ ቤቷን በምን ሠርታለች እያሉ አፋጠጧት። በመጨረሻም የሚመጣው እሑድ ይዘሽልኝ ነይ፣ በእጄ ልያት አሉ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም። ዓይን ለሌለው ሰው ማንኛውንም ትል ብታስይዘው ምን ያውቃል የሚል ሐሳብም መጥቶባት ነበር፤ ወዲያው በራሷ አፈረች። በስተኋላ ከሳፋው ውስጥ ራሷ ቆርጣ ያዳነቻትን አንዷን መረጠች። ዴላሊ ከተባለ ዴላሊ ይቺው ናት፤ ሌላ የለችም።

ስትደርስ ሽማግሌው ጢማቸውን ተላጭተው፣ የበዓል ኩታቸውን አጣፍተው፣ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የባሕር ውኃ የያዘውን ጎድጓዳ ሳሕን ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ደረቅ እጅ እንዳያቃጥላት መጀመሪያ መዳፋቸውን አራሱ። ከዚያ ትልዋን አወጡ። በጣቶቻቸው መሐል ስትጥመለመል ሣቅ አሉ፣ እንዴት ሰነበትሽ አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አክፔኔ ዞር አለች፤ ማየት አልቻለችም።

ጣታቸው ከጅራቷ ተነሥቶ በጀርባዋ ላይ ወደፊት ሄደ። አንገቷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ።

«እዚህ ላይ ትቀጥናለች» አሉ። «ማን ቆረጣት?»

«እኔ ነኝ። በምላጭ።»

«የእኔዎቹስ?»

«ሸርጣን ይሆናል፤ ወይ ዓሣ። ሁሉም ጠባሳ አለባቸው ቶግቢ። እንደገና ሲበቅል ነው እንደዚያ የሚሆነው።»

ትልዋን ውኃው ውስጥ መለሱና ጣቶቻቸውን አለቅልቀው በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ። ባሕሩ ከግቢው ማዶ ይሰማል። አክፔኔ ትለፈልፍ ጀመር። የወደቀ ስም እኮ አይጠፋም አለች፤ ከጸናው ስም ሥር ይጻፋል፣ ስለዚያ ትል የሚጽፍ ሁሉ ይጠቅሰዋል አለች። እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። ይህንን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ አሉ።

«ባለፈው ለምን ዋሸሽኝ?»

«እሑድ የምሄድበት እንዳላጣ።»

ሽማግሌው ሳሕኑን ከጭናቸው አንሥተው መሬት ላይ አኖሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ቁጣ ይምሰል እንጂ ቁጣ አልነበረም።

«አንቺ ደግሞ መርዶ ብቻሽን ይዘሽ ትመጫለሽ? ወግ አላስተማሩሽም? መርዶ እኮ ሰው ተሰብስቦ፣ ትልቅ ሰው ቀድሞ ነው የሚነገረው።»

«ማንን ላምጣ ቶግቢ?» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ከእኔና ከእርስዎ በቀር ማን ያውቃታል?»

ሽማግሌው አግዳሚውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው ፈቀቅ አሉላት። አክፔኔ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ለቀስተኛ እስኪመጣ እንደሚጠብቁ ሐዘንተኞች ጎን ለጎን ሆነው ቆዩ። የሚመጣ ሰው ግን አልነበረም።