ከዳማዬ አንገት

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ በዘንገናም በአዘናም አገር ያለው ፈረስ በአፍንጫው አረፋ እየደፈቀ አለቀ። የኔው ዳማ ፈረስ ግን ታሞ፣ ተኝቶ፣ ተነሳ። ከመንደራችን እሱ ብቻ ነው የተረፈው። ባሌ ከሞተ ወዲህ በቤቴ የቀረኝ ወንድ እሱ ነው፤ የሚስቅ ይሳቅ።

ይህን የሰማ አዝመራው የሚባል የከብት ሐኪም ከዳንግላ በላንድሮቨር መጥቶ ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ተከለ።

«እሜቴ ደብሪቱ፣ በሽታውን ያሸነፈ ፈረስ በደሙ ውስጥ ተከላካይ ያበጃል» አለኝ። «እሱን አጥርተን ላቦራቶሪ ብንወስደው፣ ፈረሱን የሚጨርሰው የትኛው ዓይነት በሽታ እንደሆነ ይለይልናል። ያኔ ትክክለኛው ክትባት ይመጣል።»

«ውሰድ። ፈረሴን ከገደልክብኝ ግን ወዮልህ!»

«እንግዲያው ከዛሬ ማታ ጀምሮ እህል አይቅመስ።»

ፈረስ ይጹም ማለቱ ነው! እኔ እጾማለሁ፤ ፈረሴ ምን ኃጢአት አለበትና? ደግሞስ መንደሩ ሁሉ ሊያየው ሲሰበሰብ ጎኑ ገብቶ ይቁምልኝ? ገብስ በኑግ ዘይት አላቁጬ እስኪበቃው አበላሁት።

ጠዋት አዝመራው ዳማዬ አንገት ላይ መርፌ ሰክቶ በጎማ ቱቦ አራት ጠርሙስ ደም ቀዳ። ደሙ ሲረጋ ከላዩ ቢጫ ውሃ ይወጣል፤ የሚፈልገው እሱን ነው። የወጣው ግን እንደ አጓት የደፈረሰ ሆነ።

«እሜቴ፣ አብልተውታል እንዴ?»

«ታዲያ በኔ ቤት ተርቦ ይደር?»

«የበላው ዘይት ስቡ ደሙ ውስጥ ገብቶ እኮ አላጠራ አለኝ!» ራሱን ያዘ።

ጎረቤቴ ማናለብሽ ከት ብላ ሳቀች። «እሷን ምን ብለህ ታውቃታለህ? አንተም ብትሰነብት በሁለት ወርህ በር አይበቃህም!»

እሱ አልሳቀም። ከታመሙት ፈረሶች ወስዶ ከተከላካዩ ጋር የሚያስመረምረው ናሙና በሳጥን በረዶ ውስጥ ነው፤ በረዶው ደግሞ እየቀለጠ ነው። በረዶው ሳያልቅ ካልሄደ ድካሙ ሁሉ ገደል ይገባል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፈረሱ ሳምንታት ያርፍ ነበር፤ አሁን ግን ነገ እንደገና ልቅዳ አለ።

«በላይ በላዩ?»

«ካልሆነ በሽታው ተዛምቶ የጥሊሊ አገርም ፈረስ ማለቁ ነው፣ እሜቴ።»

መቀመጥ አቃተኝ። ወደ ጋጣው፣ ወደ ድንኳኑ፣ ደግሞ ወደ ጋጣው ስመላለስ ዋልኩ። ዳማዬ ባዶውን ግርግም እየላሰ አየኝ። እህል ግን አልሰጠሁትም።

ሲነጋ ገመዱን ራሴ ያዝኩ። ሁለተኛው ጠርሙስ ሳይሞላ የፈረሴ ጉልበት ተንቀጠቀጠ።

«በቃ!»

«ትንሽ ብቻ...»

ቱቦውን በጡጫዬ ጨመደድኩት። «የቀረውን ካንተ አንገት ቅዳ!»

መርፌውን ነቀለ። ከዚያ ወዲያ ጥድፊያ ብቻ ሆነ። ሲረጋ ማደር የነበረበትን ደም በእጅ በሚሽከረከር የደም ማጥሪያ መኪና ውስጥ ከተተው፤ እጀታውን ማናለብሽ፣ ሾፌሩ ሀብቱና እኔ ተፈራርቀን አዞርነው። እንደ ቀለጠ ቅቤ የጠራ ቢጫ ውሃ ወጣ። አዝመራው ጨው ሲጨምርበት ነጭ ነገር እንደ አይብ ወደ ታች ዘቀጠ። ተከላካዩ ይኸው ነው አለ። ትርፉ አንዲት ብልቃጥ ናት።

«ትበቃለች?»

«ከቆጠብናት ትበቃለች።»

ይህን ሳይጨርስ ከጋጣው በኩል ድው አለ። ዳማዬ ወደቀ።

ሀብቱ የመኪናውን ጡሩምባ ነፋ። «ጋሼ አዝመራው፣ በረዶው!»

አዝመራው ብልቃጧን በመስኮት አቀበለው። «ይዘሃት ሂድ» አለና ነጭ ካፖርቱን አውልቆ ፈረሱ ላይ ጣለ። ትከሻውን ከጎኑ ስር አስገብቶ መግፋት ጀመረ። የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት፤ እናት አባቱንም አልማርኩ። እሱ ይገፋል። በሌላ በኩል ገብቼ እኔም ገፋሁ። ጨው ያለበት ውሃ አጠጣነው፤ አነሳነው፤ ወደቀ፤ ደግሞ አነሳነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዳማዬ ቆመ። እግሩን አንፈራጠጠና የአዝመራውን ሱሪ እስኪያርሰው ሸና።

«እሰይ! የጠጣው ውሃ አለፈለት!» አለ አዝመራው፣ ሱሪውን እንኳ ሳያይ። «አሁን ልሂድ፣ እሜቴ?»

«በምን? መኪናህ ሄዷል። ደግሞ ፈረሴን ነገም ቆሞ ሳላየው የትም ንቅንቅ አትልም» አልኩና ገመዱን አስጨበጥኩት።